የዋንዛው ጠመንጃ

ደጉ ፈሪ ሰው ነው። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። ውሻ ይፈራል፣ መብረቅ ይፈራል፣ ስሙ ድንገት ከፍ ብሎ ሲጠራ ልቡ ትዘላለች። ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል የሚለውን ተረት እሱን አይተው ተረቱት ቢባል ያስኬዳል። እግዜር ግን ቀልድ ያውቃል፤ ይህንኑ ሰው ወስዶ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንዱ ግቢ በር ላይ ጠመንጃ አሸክሞ አቆመው።

ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ሥራው የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ስለነበር የሚቀጥረው ጠፋ። አብነት ሰፈር ባለችው ሁለት ክፍል ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ከርሞ በሰው በሰው የዘበኝነቱ ሥራ ተገኘለት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገብቶ በማግስቱ ጠዋት ይወጣል። ሚስቱ ድንቄ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ሲሆን እራቱን በምሳ ዕቃ ይዛለት ትመጣለች። ከአብነት በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

እሱ በተቀጠረ ሰሞን ግቢውን ሌባ እንደ ቤቱ ይመላለስበት ነበር። የውኃ ቆጣሪ ተፈታ፣ የመኪና ስፖኪዮ ተነቀለ፣ የተሰጣ ብርድ ልብስ ሳይቀር ሄደ። የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር መቶ አለቃ ጋሻው የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ነዋሪውን ሰብስበው «የታጠቀ ዘበኛ ካልቆመ ነገ እኛንም ከነአልጋችን ይወስዱናል» አሉ፤ ሰውም አጨበጨበ። መሣሪያው ግን በጭብጨባ አይገኝም። ፈቃድ ፍለጋ ሁለት ወር ሙሉ ተመላለሱ፤ ዛሬ ነገ ተባሉ። በሦስተኛው ወር መመላለሱን ትተው አብነት ወደነበረው የጀይላን እንጨት ቤት ሄዱ።

ጀይላን አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ነው። ጠመንጃ ሥራልኝ ሲባል መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን የባለሙያ እልህ ያዘው። ሰደፉን ከደረቀ ዋንዛ ጠረበ፣ ለአፈሙዙ የውኃ ቧንቧ ቆረጠ፣ ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባው። ማንገቻው ግን የእውነት ነው፤ መቶ አለቃው ከወታደርነት ዘመናቸው ያስቀሩት የቆዳ ማንገቻ። አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ ላየው ማንም አይለየውም። ደጉ ራሱ አንዳንዴ ይምታታበት ነበር።

«ስማ ደጉ» አሉት መቶ አለቃው ሲሰጡት። «ጠመንጃን ጠመንጃ የሚያደርገው አያያዙ ነው። ማንም ሰው ከአፈሙዙ ፊት እንዳይቆም። ሌባ ካየህ ትደግንበታለህ፤ ማነህ፣ ቁም ትላለህ። አለቀ። ይህን የምናውቀው እኔ፣ አንተና ጀይላን ነን።»

ነገር የተበላሸው ቀጥሎ ነው። መቶ አለቃ ጋሻው ያለ ወረቀት መርፌ እንኳ የማያስረክቡ ሰው ነበሩ። በካርቦን ሦስት ቅጂ ጻፉ፤ መጥረጊያ ሁለት፣ ባልዲ አንድ፣ የእጅ ባትሪ አንድ፣ ጠመንጃ ከነማንገቻው አንድ። ደጉ አነበበና የመጨረሻዋ መስመር ላይ ጣቱን አኖረ።

«መቶ አለቃ፣ የእንጨት ብለን ብንጽፈውስ?»

«የእንጨት ብዬ ጽፌ ፋይል ውስጥ ካስገባሁት ምኑን ምስጢር ሆነ? ኮሚቴው ሁሉ ያነበዋል። ፈርም እባክህ፣ ለደንቡ ነው።»

ደጉም ለደንቡ ፈረመ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖረ። ሌባው በእርግጥ ሸሸ፤ የደጉ ፍርሃት ግን አልሸሸም፤ እንዲያውም ተባዛ። ዝናብ ሲመጣ ቀለሙ ካፖርቱን ስለሚያጠቁረው ጠመንጃውን በፕላስቲክ ይጠቀልለዋል፤ ነዋሪው ደግሞ «ለመሣሪያው ሲሳሳለት አይታችኋል?» እያለ ያደንቀዋል። ሕፃን ሲጠጋው ይሸሻል። ፖሊስ በመንገድ ሲያልፍ ወደ ዘብ ቤቱ ገብቶ ሻይ የሚያፈላ ይመስላል። ጠዋት ሲወጣ ጠመንጃውን የብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያስራል። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ድንቄ ነገር ሆዷ አያድርም፤ እሷ ሰማች ማለት አብነት ሰማ፣ አብነት ሰማ ማለት ሌባው ሰማ ማለት ነው።

በአራቱ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ደግኗል። ባለፈው ጥቅምት ነው፤ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት ድርግም አለ። ከአጥሩ ማዶ የሩጫ ኮቴ ሰማ፤ ከዚያ ከበሩ ብቅ ቢል ሁለት ጥላ ግንቡ ሥር ቁጢጥ ሲሉ አየ። ሮጦ ዘብ ቤት ሊገባ ፈልጎ ነበር፤ ግን መግባቱን ያዩኛል ብሎ እሱንም ፈራ። እጁ ራሱ የመቶ አለቃውን ትምህርት አስታውሶ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና ደገነ። «ማነህ? ቁም!» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ጥላዎቹ አልተነቃነቁም። ምን ያህል እንደቆዩ አያውቅም። በዚህ መሃል ድንቄ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከጨለማው ብቅ አለችና ፊቱ ተገትራ ቆመች።

«ይህን ነገር ከፊቴ አንሳልኝ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ መሣሪያ ፊት አትቁሚ! ዘወር በይ!»

«አልዘወርም። ወጡ እየቀዘቀዘ ነው፤ አንተ እዚህ ከጨለማ ጋር ትጣላለህ። አንሳው ብዬሃለሁ።»

አንሳው አታንሳው ሲባባሉ ቆይተው ቀና ሲል ጥላዎቹ የሉም። በማግስቱ ግቢው ሁሉ ሰማ። ደጉ ብቻውን ሁለት ሌባ አባረረ ተባለ። ከአራተኛ ፎቅ ጋቢ ተላከለት፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ሰላም ይለው ጀመር። ደጉ በዕድሜው እንደዚያ ሳምንት አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ አያውቅም።

ታኅሣሥ ላይ መቶ አለቃ ጋሻው አመመኝ ሳይሉ ሞቱ። ደጉ ቀብሩ ላይ አምርሮ አለቀሰ፤ ግማሹ ለእሳቸው ነው፣ ግማሹ ለራሱ። የጀይላን እንጨት ቤት ያለበት የአብነት ወገንም ፈርሶ ሰውየው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ስልኩ አይሠራም። ምስጢሩን ከሚያውቁት ሦስት ሰዎች የቀረው ደጉ ብቻ ነው። እሱ እንዲህ ነበር የሚያስበው።

መጋቢት ገባ። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ግቢው ሁሉ ጿሚ ሆኖ፣ ሰውም በትንሽ ነገር ይቆጣ ነበር። በዚያ ሰሞን ሬዲዮኑ የሚያወራው የመጫወቻ ሽጉጥና ጠመንጃ ይከልከል ወይስ አይከልከል የሚለውን ነው። ሰው እየደወለ ይከራከራል፤ ታክሲ ውስጥ ይከራከራሉ፤ በመጨረሻ ክርክሩ ግቢው ውስጥ ገባ። መቶ አለቃውን የተኩት ሊቀመንበር ወይዘሮ ነጅማ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነዋሪውን ሰበሰቡ። ደጉ በሩ ላይ ሆኖ ያዳምጣል።

መጀመሪያ የተነሳችው ባንክ የምትሠራው ሰሚራ ናት። ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ ታክሲ ተሳፍራ ሳለ አንድ ሕፃን ከእናቱ ቦርሳ ጥቁር ሽጉጥ መዝዞ ረዳቱ ላይ ደገነ። የፕላስቲክ ነው፤ ግን ማን ጠየቀ? ታክሲው በጩኸት ተናጠ፣ አንዲት ሴትዮ በሩን ከፍታ ስትዘል ክንዷ ተሰበረ።

ከምድር ቤት ሱቅ ያለው ሰላሃዲን ተቆጣ። ለዒድ ብሎ ሁለት ካርቶን ሙሉ የመጫወቻ ሽጉጥ አስገብቷል።

«እኔ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ እንዴ? ቢጫ ፍሬ የሚተፋ ፕላስቲክ ነው። ልጅ የዒድ ብሩን ይዞ ሲመጣ ምን ልስጠው፣ ደብተር?»

ሰው ሳቀ። ሰሚራ ግን አልሳቀችም።

«የቢጫና የቀዩን ነገር ማን አነሳ? ጣጣው እውነተኛ የሚመስለው ነው። ሌባ ይዘርፍበታል። ፖሊስስ ቢሆን ከሩቅ፣ በጨለማ፣ በምን ይለየዋል? ሲያይ ጠመንጃ ነው፤ ሲተኩስ እኮ የሱ የእውነት ነው።»

ደጉ ይህን ሲሰማ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ወደ ጀርባው አዞረ።

ብዙ ተብሎ ብዙ ተጮኾ፣ መንግሥት ከለከለም አልከለከለም በዚህ ግቢ ውስጥ ጠመንጃ የሚመስል ነገር አይኖርም ተብሎ ተወሰነ። በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ደጉ በየቤቱ እየዞረ በማዳበሪያ ይሰበስባል፤ ሳጅን በሱፍቃድ የሚባሉ ፖሊስ መጥተው ይረከባሉ። ሰው ሊበተን ሲል ወይዘሮ ነጅማ አንድ አሮጌ ፋይል ከፈቱ።

«አንድ ነገር። መቶ አለቃ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባስረከቡት ወረቀት ላይ የግቢያችን ጠመንጃ አለ። ፈቃዱን ግን ፋይሉን ሁሉ ገልብጬ አጣሁት። ሳጅን ከመጡ አይቀር ያዩልንና ሕጋዊ እናድርገው። ጋሽ ደጉ፣ እሑድ ወልውለህ ጠብቀን።»

«እሺ እትዬ ነጅማ» አለ ደጉ። አፉ ነው እሺ ያለው፤ ሌላው አካሉ ድርቅ ብሎ ቀርቷል።

የዚያን ሳምንት ፍርሃት በቀደመው ፍርሃቱ ሁሉ ላይ ቢደመር ይበልጣል። እንጨት ነው ቢል፣ ታዲያ የፈረምክበት እውነተኛው የት ገባ ይሉታል። ሸጠኸዋል፤ ለማን ሸጥከው፣ ማን ተገደለበት። ዝም ቢል ሳጅኑ እጁ ውስጥ ሲገባ ያውቀዋል። ቢጠፋ፣ የጠፋ ሰው ጥፋቱን ያመነ ሰው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ደጉ የወረሰው እስር ቤት ነው። እህል አልወርድ አለው። ጾም ስለሆነ ደግነቱ ማንም አላስተዋለውም።

ሐሙስ ዕለት አንድ ነገር ትዝ አለው። መቶ አለቃው ጠመንጃውን ሲሰጡት ካፖርታቸው ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ቤታቸው ነው የደረቀው ማለት ነው። ደረጃውን ወጥቶ የሟቹን ሚስት የወይዘሮ ወርቄን በር አንኳኳ። ጥቁር እንደለበሱ ከፈቱለት። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ መቶ አለቃው በወታደር ልብስ ሆነው ያዩታል።

«እትዬ ወርቄ፣ እርስዎ ያውቃሉ።»

«ምኑን?»

«የዋንዛውን ነገር። እሑድ ፖሊስ ይመጣል። እርስዎ አንድ ቃል ካልተናገሩልኝ እውነተኛውን ሸጠህ በእንጨት ተካኸው ይሉኛል።»

ወይዘሮዋ ዞር ብለው ፎቶውን አዩ። 

«አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖርኩ። ጋሻው ዋሸ፣ ጋሻው አታለለ ሲባል ጆሮዬ ሰምቶ አያውቅም። መቃብሩ ሳይደርቅ ሕዝብ ፊት ቆሜ፣ ባሌ አራት ዓመት በእንጨት ሲያሞኛችሁ ነበር ልበል? ሙት ወቃሽ አታድርገኝ ደጉ።»

«እኔስ እትዬ? እኔ እኮ በሕይወት አለሁ።»

«እግዜር ያውጣህ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ቀስ ማለቱ ነው ደጉን የበለጠ ያስፈራው፤ ሰው ቆርጦ ሲጨርስ ነው እንዲያ የሚዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ለድንቄ ሁሉንም ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች። ከዚያ ተናደደች።

«አራት ዓመት! በየወሩ በአንድ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ እመቤቴ ያ መሣሪያ አይባርቅብን፣ የሰው ደም እጁ ላይ አታድርጊ እያልኩ ጧፍ ሳበራ፣ ለዋንዛ ነው ያበራሁት?»

«ለዋንዛ ነው።»

«ጥቅምት ላይ ሌባ ያባረርክበትስ?»

«ያም ዋንዛ ነው።»

ድንቄ ራሷን ያዘች። «ቢተኩሱብህስ ኖሮ?»

«ሌባ ከየት አምጥቶ ይተኩሳል?» አለ ደጉ፤ ያን ጊዜ የሚያስፈራው የነገው እንጂ የጥቅምቱ አልነበረም።

ድንቄ እንባዋን ጠረገች። ነገር ሆዷ የማያድር ሴት ብትሆንም ምን ጊዜ ምን እንደሚባል ታውቃለች። «ነገ አብሬህ እቆማለሁ። ከወሰዱህም ሁለታችንንም ይውሰዱን፤ እኔ ደግሞ እስር ቤት እራት ላመላልስ?»

እሑድ አራት ሰዓት ላይ ግቢው መሃል ጠረጴዛ ወጣ። ደጉ ማዳበሪያውን ይዞ ከፎቅ ፎቅ ዞሯል። ውኃ የሚረጭ አለ፣ መብራት የሚበራለት አለ፣ እጀታው የተሰበረ አለ። አንዱ ጥቁር ሽጉጥ ግን ሲነሳ እንኳ ክብደት አለው፤ ደጉ በሁለት ጣቱ ይዞ ነው የከተተው። ሰላሃዲንም ሁለቱን ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «በዒድ ሰሞን ፊኛ ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ሆንኩላችሁ» ብሎ አስቀመጣቸውና ሄደ።

ሳጅን በሱፍቃድ ከአንድ ወጣት ፖሊስ ጋር መጡ። አጭር፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ለማዳበሪያው ብዙም ትኩረት አልሰጡትም። በሩን አዩ፣ የአጥሩን ግንብ አዩ፣ ከዚያ ደጉን ትኩር ብለው አዩት። እንደገና ግንቡን አዩ። አወቁኝ አለ ደጉ በልቡ። ድንቄ ነጠላዋን አደግድጋ አጠገቡ ቆማለች።

ወይዘሮ ነጅማ ርክክቡን አነበቡ። መጥረጊያ ሁለት። ባልዲ አንድ። የእጅ ባትሪ አንድ። ደጉ ቀጥሎ ያለውን ላለመስማት መሬት መሬት አየ።

«ጠመንጃ ከነማንገቻው አንድ። ጋሽ ደጉ፣ አስረክብ።»

ደጉ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጁ አቀረበ። ሳጅኑ ክብደት ጠብቀው ኖሮ ሲቀበሉት እጃቸው ወደ ላይ ከፍ አለ። አገላበጡት። በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት። ጥቁሩን ፋቅ ቢያደርጉት የዋንዛው ቡናማ ታየ።

«እንጨት ነው» አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ። ሁለተኛ የሚስቅ ሲጠፋ እሱም ተወው።

«ታዲያ እውነተኛውስ?» አሉ ወይዘሮ ነጅማ። «ጋሽ ደጉ፣ እውነተኛው የት አለ?»

«የተረከብኩት ይህንኑ ነው እትዬ።»

«እዚህ ጠመንጃ ይላል። ፊርማህ ይኸው።»

«ፊርማዬ ነው። የተረከብኩት ግን ይህንኑ ነው።»

ትናንት ጎንበስ ብለው ሰላም ያሉት ሰዎች አንድ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ወጣቱ ፖሊስ ዞሮ ከደጉ ጀርባ ቆመ። ደጉ የድንቄን እጅ ፈልጎ ያዘ። አለቀልኝ አለ።

«ጋሻው ነው ያሠራው።»

ሁሉም ዞረ። ወይዘሮ ወርቄ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ እያረፉ፣ እየወረዱ ነው።

«ጀይላን የሚባል አናጢ ነው የሠራው። ቀለሙ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ሳሎኔ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ምንጣፌ ላይ ጥቁሩ አልለቅ ብሎ እስከ ዛሬ አለ፤ የሚጠራጠር ይውጣና ይይ። ባሌ ክፉ አስቦ አይደለም። እንጨት ሰው አይገድልም ብሎ ነው።» ወደ ደጉ ዞሩ። «ሦስት ሌሊት አላስተኛህኝም። እኔ በሕይወት አለሁ አልከኝ።»

ደጉ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው መለሱት። ወይዘሮ ነጅማ ወረቀቱ ላይ ጠመንጃ የሚለው የጠመንጃ ቅርጽ ያለው እንጨት ተብሎ ይታረም ብለው ጻፉ፤ ሰውም መሳቅ ጀመረ፤ ሰላሃዲን ሳይቀር ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «የኔ እንኳ ቀለሙ አይለቅም!» አለ። ድንቄ ወይዘሮ ወርቄን ደግፋ ወደ ጥላው ወሰደቻቸው። ደጉ አየር ሳበ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጎ አየር የሳበ አልመሰለውም።

ጉድና ጅራት ግን ከወደኋላ ነው።

ሳጅን በሱፍቃድ የዋንዛውን ጠመንጃ እንደያዙ ደጉን ከበሩ ውጭ ወደ አጥሩ ግንብ ጠሩት።

«አባባ፣ ጥቅምት ላይ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር። ተረኛው እርስዎ ነበሩ?»

«ነበርኩ» አለ ደጉ፤ እንዲያውም ትንሽ ደረቱ ነፋ አለ። «ሁለት ሌባ ያባረርኩት ያን ቀን ነው።»

«ሌባ አልነበርንም።»

ደጉ አልገባውም።

«ሲቪል ለብሰን ነበር፤ እኔና አንድ ባልደረባዬ። ሽጉጥ የያዘ ዘራፊ ወደዚህ መንገድ ገባ ተብሎ እየተከታተልን ነው። መብራት ጠፋ። ከዚህ በር ካፖርት የለበሰ ሰው ወጣና ጠመንጃ ደገነብን። ፖሊስ ነኝ ብዬ ብጮኽ ድምፄን ይዞ ይተኩሳል ብዬ ፈራሁ።» ሳጅኑ ግንቡ ሥር ያለችውን ቦታ በእግራቸው ነካ አደረጉ። «እዚህ ጋ ተንበርክኬ ነበር። አነጣጥሬብዎት ነበር አባባ። እስከ ሦስት ቆጥሬ እተኩሳለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሁለት ላይ ደርሻለሁ።»

«ከዚያስ?» አለ ደጉ፤ ጥያቄው ከየት እንደወጣ አያውቅም።

«አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ሳላያት በመሃል ገባች። ምሳ ዕቃ ይዛለች። እርስዎ ፊት ቆመች፤ ጀርባዋ ለኔ ነው። ትነሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተነሳችም። ባልደረባዬ ካፖርቴን ጎትቶ ወደኋላ መለሰኝ። ኋላ የግቢው ዘበኛ ነው፣ የታጠቀ ነው ሲሉን ተውነው።» ሳጅኑ በእጃቸው የያዙትን እንጨት አዩ። «እንጨት ሰው አይገድልም አሉ አይደል ሴትዮዋ? ከዚያ ወዲህ እኔ በዚህ በር አላልፍም፤ በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገና ገባኝ።»

ጠመንጃውን ለደጉ ሰጡት። ደጉ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ በገዛ እጁ ማዳበሪያው ውስጥ ከተተው። አልበቃ አለ፤ ከልጆቹ ፕላስቲክ መሃል የቧንቧው አፍ ወጥቶ ቀረ። አራት ዓመት ሙሉ ስንት ነገር ፈርቷል፤ ዝናቡን፣ ልጆቹን፣ ሌባውን፣ ወረቀቱን። ሊፈራው የሚገባውን ነገር ግን አንድም ቀን ሳይፈራ ኖሯል።

ድንቄ ጥላው ውስጥ ሆና ከወይዘሮ ወርቄ ጋር ትስቃለች። አየችውና እጇን አውለበለበች።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቤት ሄዶ ትንሽ ያርፍ ብለው ለቀቁት። አብነት መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ድንቄ ገና ደስታው አልወጣላትም።

«ዛሬ በአንድ ሰዓት ጥሩ አድርጌ ምስር ሠርቼ አመጣልሃለሁ።»

«አታምጪ» አለ ደጉ። «አሁን ቋጥሪልኝና ይዤው እሄዳለሁ።»

«እስከ ማታ ይቀዘቅዛል እኮ። ምን ሆነሃል? የምትፈራው ነገር አልቋል ዛሬ።»

ደጉ ክንዷን አጥብቆ ያዘ። በነጠላ የተሸፈነ ጀርባዋን አየ።

«ይቀዝቅዝ» አላት።